አራት ወር ከ«ግራር» ጋር ስታገል

ሰላም ጓዶች፣ ትናንት ማታ የመጨረሻውን ፋይል አስገባሁና ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ከደንቢያ፣ ከወገራና ከመተማ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ሰው የተሞሉ የዛፍ ቆጠራ ወረቀቶች አሁን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ናቸው።

አጀማመሩን አላረዝመውም፣ ኤክሴል እችል ነበር፣ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራሙን ኪውጂአይኤስን ከዩትዩብ ለቀምኩ። ነጥቦቹ ወደ 200 ሜትር እየተንሸራተቱ ሜዳ ላይ ያለው ዛፍ ገደል ውስጥ ሲገባብኝ ሁለት ሳምንት በላኝ፣ ለካ ከድሮው የካርታ ወረቀት የተነበበው ነጥብ በአዲንዳን (የድሮ ካርታዎች የቦታ መለኪያ መሠረት) ነው፣ ጂፒኤሱ ደግሞ በሌላ መሠረት፣ በደብሊውጂኤስ 84። ዳታ ስትቀበሉ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ።

ዋናው ጣጣ ግን ግራር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የአማርኛ ስም ብቻ ነው፣ ዋንዛ ዋንዛ ነው፣ ወይራም ወይራ ነው፣ ግራር ግን የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። እኔ ጊዜ ልቆጥብ ብዬ ሁሉንም «አካሽያ አቢሲኒካ» ብዬ ሞላሁት፣ በዛው ቁጭ ብዬ የወይና ደጋውን ዛፍ መተማ ቆላ ላይ ተከልኩት ማለት ነው። በዛ ላይ በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ በዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ አካሽያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ስለጸና የኛዎቹ ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ እየተባሉ ነው፣ የድሮና የአዲስ ሊስት አይገጥምም።

የነቃሁት ጥር ላይ ጎርጎራ መንገድ አንድ አባት ማሳ ውስጥ ነው። ዙሪያው ደርቆ አንዱ ግራር ብቻ ለምልሟል። «ይሄ እኮ ልጄ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን የሚያራግፈው ነው፣ ከስሩ እህል አይከለክልም» አሉኝና ፍሬውን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፣ እንደ ደረቀ ብርቱካን ልጣጭ የተጠማዘዘ። ፋይደርቢያ አልቢዳ! ከማሳ መነቀል የሌለበት ዛፍ ነው፣ ቆላ ያለው ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ደግሞ ሙጫ የሚለቀምበት ነው፣ ሁለቱም «ግራር» ተብለው ተደምረው አዲስ አበባ ከደረሱ በምን ሊታቀድ ነው?

አሁን የምለየው እንዲህ ነው፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ከታጠፈ ሴኔጋሊያ፣ ቀጥ ብሎ ጥንድ ከሆነ ቫቸሊያ ወይ ፋይደርቢያ (ቶርቲሊስ የምትባለው ቫቸሊያ ሁለቱንም ዓይነት እሾህ ይዛ ታስቸግራለች)። ከዛ አበባ፣ አቢሲኒካ ድብልብል ነው፣ ፋይደርቢያ ዘለግ ያለ ነው። ቅርንጫፉን ጋዜጣ ውስጥ ተጭናችሁ አድርቁት፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ) ወስዶ ለማመሳከር ናሙና ያስፈልጋል። በሳተላይት ምስል እንጀምር የሚሉ ልጆች አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ዛፉን በስሙ ሳታውቀው ከላይ ብታየው አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም አታጥፉ፣ ሳይንሳዊውን ሌላ ኮለም ላይ ጻፉ። እኔ በላዩ ላይ ጽፌበት የወገራው ኦሪጅናል ጠፍቷል፣ ወረቀቱም የለም። እነዛን መስመሮች «ግራር፣ ያልተለየ» ብዬ ቢጫ ቀብቻቸዋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ በእግሬ ዞሬ አያቸዋለሁ። ወገራ አካባቢ ያላችሁ ፍሬና እሾህ ብታስቀምጡልኝ ውለታ ነው።