የድዋርፍ አካል ለየትኛው ድራጎን ተሠራ?

በፋንታሲ ጌሞች ውስጥ ድዋርፍ (ተራራ ውስጥ የሚኖር ቁመተ አጭር ፍጡር) ባለበት ተራራ ወርቅ አለ፤ ወርቅ ባለበት ደግሞ ድራጎን አይጠፋም። ነገሩ የሚመዘዘው ከኖርስ፣ ማለትም ከጥንት ስካንዲኔቪያ፣ አፈ ታሪክ ነው። ድዋርፉ አንድቫሪ የተነጠቀው ወርቅ ከነእርግማኑ ፋፍኒር ቤት ገባ፤ ፋፍኒርም አባቱን ገድሎ ወርቁ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ ድራጎን ሆነ። ድራጎኑ ከሩቅ የመጣ ወራሪ ሳይሆን እዚያው ከስስት የተወለደ ነው። ብዙ ጌሞች ይህን ትተው ዝርፊያውን ብቻ ወሰዱ። የጣሉት የተሻለውን ነው።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጌም ዝምድናውን በሌላ መንገድ አቆይቶታል። ድዋርፎቹ የመጡት ኧርዘን ከሚባሉ የድንጋይ ፍጡራን ነው፤ ድንጋዩን ሥጋ ያደረገው እርግማን ነው። የመሬት ጠባቂ የነበረው ጥቁሩ ድራጎን ኔልታሪዮንም ኃይሉን ያገኘው ኧርዘንን ከሠሩት ከታይታኖች (የጌሙን ዓለም ከቀረጹት ኃያላን) ወገን ነው። በኋላ አብዶ ዴዝዊንግ ተባለ፤ በ2010 በወጣው ካታክሊዝም በተባለው የጌሙ ክፍል ምድሪቱን ሰነጣጠቃት። ብላክሮክ ተራራ ላይ ደግሞ ዳርክ አይረን ድዋርፎች ከታች ለእሳቱ ጌታ ለራግናሮስ ሲገዙ፣ ከላይ የዴዝዊንግ ልጅ ኔፋሪያን ተቀምጧል።

በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ በሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ላይ ግን ታሪኩና ሕጉ አይስማሙም። ነጩ ድራጎን ቅዝቃዜ፣ ጥቁሩ አሲድ፣ አረንጓዴው መርዝ፣ ሰማያዊው መብረቅ፣ ቀዩ እሳት ይተነፍሳል። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ድዋርፍ ከመርዝ ጉዳት ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ መርዝ ለመቋቋም ሲጥልም ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለቴ ጥሎ የሚሻለውን ይይዛል። ለእሳት ምንም የለውም። ተራራውን የሚነጥቀው ግን ቀዩ ነው፤ አረንጓዴው የጫካ ነዋሪ ነው።

ልዩነቱን በዚሁ እትም ቁጥሮች እንየው። 5ኛ ደረጃ የደረሰ፣ ኮንስቲትዩሽኑ (የሰውነት ጥንካሬው) 16፣ ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) 10 የሆነ የተራራ ድዋርፍ ተዋጊ በአማካዩ ስሌት 49 የሕይወት ነጥብ አለው። የወጣት አረንጓዴ ትንፋሽ 12 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው፤ በአማካይ 42። ለመቋቋም 14 ይፈለጋል፤ ተዋጊው 6 ስለሚደምር ከሁለቱ ዳይሶች በአንዱ 8 ካወጣ ይበቃዋል፤ ዕድሉ 88 በመቶ ገደማ ነው። ከተሳካለት 42ቱ ወደ 21፣ እሱም በድዋርፍነቱ ወደ 10 ይወርዳል። አስስሎት ያልፋል። የወጣት ቀይ እሳት ደግሞ 16 ዳይስ፣ በአማካይ 56 ነው። ለማምለጥ 17 ይፈለጋል፤ የሚደምረው ስለሌለ ዕድሉ 20 በመቶ ብቻ ነው። ካልተሳካለት በአማካዩ ጉዳት በአንድ ትንፋሽ ይወድቃል።

ጨዋታውን የምትመሩ ሰዎች የድዋርፍ ከተማ ስትስሉ የኮሪደሩን ስፋት አስቡበት። የወጣቱ ቀይ እሳት 30 ጫማ የሚረዝም ሾጣጣ ነው። ስፋቱ ከአፉ ካለው ርቀት ጋር እኩል ስለሆነ፣ 10 ጫማ በሚሰፋ ቀጥ ያለ ኮሪደር ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላል፤ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ የቆመው ሰልፍ እንዳለ ይነዳል። እሳቱ ግን ማዕዘን አይዞርም፤ ስለዚህ ኮሪደሩን በየ20 ጫማው ጠምዝዙት። በሩ 5 ጫማ ይሁን። ጎልማሳው ቀይ በዚያ አይሾልክም። ወጣቱ ተጣቦ ቢገባም እስኪወጣ ድረስ ሲመታ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ያነሰውን ይይዛል፤ እሱን የሚመቱት ግን የበለጠውን። በጌሞቹ የምናያቸው የፈረሱ የድዋርፍ ከተሞች በሮች ሁልጊዜ ግዙፍ የሆኑት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ድራጎን ጋብዘው የሠሯቸው ይመስላል።

ቀዩ አንዴ ከተነፈሰ፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣልለታል፤ 5 ወይም 6 እስኪወጣ እሳቱ አይመለስም። ድዋርፎቹ ከማዕዘኑ ወጥተው የሚያጠቁት ያኔ ነው።

በ2014ቱ እትም ጎልማሳው ቀይ በጎሬው ውስጥ ሌላም መሣሪያ አለው። ማግማ ከመሬት ያፈነዳል፣ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ ወይም 20 ጫማ ራዲየስ ያለው የእሳተ ገሞራ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ይመርዛል፤ መቋቋሚያው 13 ስለሆነ ያው ተዋጊያችን ከ10 ጊዜ 9ኙን ይቋቋመዋል። ድራጎኑ አንዱን ዘዴ በሁለት ተከታታይ ዙር መድገም አይችልም። ስለዚህ ድዋርፍ የሚያውቅ ድራጎን አድርጋችሁ ስትጫወቱት፣ ጋዙን ለኤልፎቹና ለሰዎቹ ትታችሁ ድዋርፉ ላይ ማግማውንና መንቀጥቀጡን አፈራርቁበት።