ተከታትለዋል

ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባበት በ1997 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ያስተማረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ላልደረሰበት ግን ባጭሩ፦ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጫል። ክፍለ ጊዜው ከአርባ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ሠላሳው ያህል የቴሌቪዥኑ ነው። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ የሚናገራት ጥቂት ነገር ትተርፈዋለች፤ ቴሌቪዥኑ የሚቆለፍበትን ሳጥን ቁልፍ መያዝም የእሱ ሥራ ነው።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የገጠሩም የአዲስ አበባውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያገኛል ተባለ። እኩል የደረሰው ግን ሥርጭቱ ብቻ ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የኦሮሚያ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ሒሳባቸውን አብጠርጥረው አውቀው የሚመጡ ልጆች ነበሩኝ። ዘጠነኛ ሲገቡ ግን አንድ ክረምት ባለፈ ማግሥት ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ ያውም ቆም ብላ «ገባችሁ?» በማትል ሴት አንደበት።

ከሰማንያ የማያንሱ ተማሪዎች ነበሩኝ። ግማሾቹ ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው። ሦስቱ ደግሞ ወላጆቻቸው ክፍያው ከብዷቸው ከግል ትምህርት ቤት ያዛወሯቸው ነበሩ። የፕላዝማዋ መምህርት አልፎ አልፎ ቀልድ ጣል ታደርጋለች። ያን ጊዜ ሦስቱ ይስቃሉ። የቀሩት ዞር ብለው ሦስቱን ያዩና ዘግይተው ይስቃሉ። ከዚያ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ አንድ ደቂቃ ትሰጣለች፣ ደቂቃዋ ስታልቅ «ጎበዞች፣ በጣም ጥሩ ነው!» ትላለች። ማን ምን እንደመለሰላት እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ሳጥኑን ቆልፌ ጠመኔ አነሣሁና፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ «አንድ ባለጋሪ ለፈረሱ መኖ በቀን ስምንት ብር ያወጣል፤ በአንድ ምልልስ ሁለት ብር ያገኛል። ለራሱ አሥር ብር እንዲተርፈው ስንት ጊዜ መመላለስ አለበት?» አልኳቸው። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ጎማው ቢፈነዳስ?»

ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ። «የጎማውን ወጪ ሌላ ፊደል ስጠውና እኩልታው ውስጥ አስገባው» አልኩት። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አስገባው፣ ያውም በትክክለኛው ጎን።

ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ መቀመጡን ያየሁት በዚህ መሐል ነው። ያን ጊዜ አዳማ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ስለነበረች ሳይነግር ከተፍ የሚል ባለሥልጣን አናጣም ነበር። ይህኛው ከየት እንደመጣ ይቅር። ጎልማሳ፣ ሥርዓት ያለው፣ ቅጹን በጠንካራ ክላሰር የያዘ ሰው ነው። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ወደ እኔ መጣ።

«ዛሬ ትምህርቱ አልተሰጠም» አለኝ።

«ሲሰጥ ተቀምጠው አይተዋል እኮ።»

«ሥርጭቱን ማለቴ ነው።»

«መብራት የለም፣ ጋሼ።»

«ገብቶኛል። ቅጹ ላይ ግን ‹መብራት የለም› የሚል ቦታ የለም። ‹ተከታትለዋል› ወይም ‹አልተከታተሉም› ነው ያለው። ደግሞስ በየትኛው ቋንቋ ነበር የምታስተምረው?»

«በሚገባቸው።»

ብዕሩ ትንሽ ቆም አለ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

«ልጆቹ ተረድተውታል። ደብተራቸውን ልጥራልዎትና ይዩት» አልኩት።

«መምህር፣ እኔ የመጣሁት ልጆቹን ልገመግም አይደለም።»

ይህን ሲለኝ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸሜ ላይ «ቴክኖሎጂን በመጠቀም ረገድ የአመለካከት ችግር ይታይበታል» የሚል ሰፈረ። አመለካከት በዚያ ዘመን መድኃኒት የሌለው በሽታ ነበር።

እንደ ብዙዎቻችን እኔም ከፈረቃዬ ውጭ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ክፍሉ አርባ ተማሪ አይሞላም፣ ልጆቹ እንግሊዝኛን ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ ለምደውታል፣ ፕላዝማም አልነበረውም። በወላጆች ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያ ባለ ክላሰር ሰው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የእኔ ተማሪ። አላወቀኝም። ስለ ውጤቷ ተነጋግረን ሲያበቃ ግድግዳውን ቃኘት አደረገና፣

«እዚህ ፕላዝማ አላስገቡም መሰለኝ?» አለኝ።

«አላስገቡም።»

«እሰየው። ልጅ ፊቷን የሚያይላት መምህር ያስፈልጋታል።»

«እውነትዎን ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? እውነቱን እኮ ነው።

በዚያ ዘመን መሰናዶ የሚገባውንና ቴክኒክና ሙያ የሚሄደውን የሚለየው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ጎማው ቢፈነዳስ ያለኝ ልጅ ነጥብ አልመጣለትም። ብረታ ብረት ተማረ። ሙያ አይናቅም፤ ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሒሳብ የገባው ማን ነው ብትሉኝ ጣቴን የምቀስረው ወደ እሱ ነው። የሱፐርቫይዘሩ ልጅ መሰናዶ ገባች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲነገርና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ «ይህን ያህል ዓመት ቅጹን ማን ነበር የሚሞላው?» ተባብለን ወደ ክፍላችን ገባን።

እኔ ግን «የአመለካከት ችግር» ከተጻፈብኝ ከዚያ ሴሚስተር በኋላ ብልሃቱን አገኘሁት። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን መቆለፍ ተውኩ። በሩን ወለል አድርጌ እከፍትና የጠቆረውን ስክሪን ወደ ተማሪዎቹ አዙሬ፣ አጠገቡ ቆሜ በጠመኔዬ አስተምራለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ ሱፐርቫይዘር መጣች። ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የጠፋ አምፖል አየች፤ ከዚያም «ተከታትለዋል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወጣች። አመለካከቴ በዚያው ዓመት ተስተካከለ።