ኩላሊቱ ቤት ከገባ በኋላ

ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ሥራው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው የተጀመረው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ንብረት ሸጦ፣ ከዘመድ አዝማድ አሰባስቦ ወደ ሕንድ የሄደ ቤተሰብም ብዙ ነው። የትም ይሠራ የት፣ ነገር ካልተወሳሰበ ታካሚው ሆስፒታል የሚቆየው አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ኩላሊቱን የሚጠብቀው አስታማሚው ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ ይወራል። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ማድቤቱና ስለ ጠያቂው ግን በበቂ አይነገርም፤ እኛ እዚያ ላይ እናተኩር።

ከሁሉ በፊት ሰዓት። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው፤ እንዳያጠቃው የሚይዙት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ከሦስቱ በጣም የሚያስቸግረው ታክሮሊመስ ነው። ደም ውስጥ ትንሽ ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል፤ ትንሽ ሲበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት። ከውጭ አገር በመጣ የመውጫ ወረቀት ላይ 8 ሰዓት የሚለው በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን አንዱ አስታማሚ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ስልኩን ሲሞላ የታካሚው መድኃኒት ስድስት ሰዓት ይዛባል። በአንድ አቆጣጠር ተስማሙና በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የሚፈጸመው በቀጠሮ ቀን ነው። ደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው ቀጣዩ ሊዋጥ ሲል፣ ማለትም ካለፈው 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። ታካሚው እንደ ልማዱ ጠዋት ውጦ ከሄደ ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ ያንን አይቶ መጠኑን ይቀንሳል፤ ኩላሊቱም ያለ በቂ ጥበቃ ይቀራል። በቀጠሮ ቀን መድኃኒቱን ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደም ከተሰጠ በኋላ እዚያው ይዋጣል። ተረስቶ ከተዋጠ ደግሞ ለላብራቶሪውና ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ። ነውር የለውም፤ መደበቁ ነው የሚጎዳው።

አንድ ጊዜ የተረሳ መድኃኒት ብዙም ሳይቆይ ከታወሰ ወዲያው ይዋጣል። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን የተረሳው ይታለፋል እንጂ ሁለቱ ባንድ ላይ አይዋጡም። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣውንም መድኃኒት ማሸጊያውን በደንብ አንብቡ። ፕሮግራፍና አድቫግራፍ ሁለቱም ታክሮሊመስ ናቸው፤ ነገር ግን ፕሮግራፍ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አድቫግራፍ ቀስ ብሎ ስለሚለቀቅ በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚወሰደው። ዘመድ «ያው ነው» ብሎ የላከውን ሐኪም ሳያይ መቀየር አደጋ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ፋብሪካ ምርት መዛወርም ቢሆን በሐኪም ዕውቀትና በአዲስ የደም ምርመራ መሆን አለበት። አንድ ወር የሚያዘልቅ መጠባበቂያ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ዶላር ጠፋ በተባለ ሰሞን ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር የሚጀመረው የመጨረሻው ፍሬ ሲቀር መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያና ፋርማሲ እንሂድ፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነውና። ጨጓራ ያመመው ሰው የባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝለት ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን አብሮ አለ። ክላሪትሮማይሲን ታክሮሊመስ ጉበት ውስጥ እንዳይሰባበር ስለሚያግደው በጥቂት ቀን ውስጥ መጠኑ እጅግ ይንራል። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንደዚሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ታክሮሊመስን ቶሎ ስለሚያስወግደው ታካሚው በሰዓቱ እየዋጠ እንኳ ኩላሊቱ ሊጠቃ ይችላል። ነቀርሳ ከተገኘ መታከሙ ግድ ነው፤ ግን ሕክምናው ከንቅለ ተከላ ሐኪሙ ጋር ተመክሮበት፣ የታክሮሊመሱ መጠን እየተለካ መሆን አለበት። ለወገብ ሕመም የምትወጋው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ለዚህ ሰው ጨርሶ አይሆኑም፤ ሁለቱም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ሙቀት ከተለካ በኋላ ነው፤ አለዚያ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ከነጋዴ የተገዛ «ኩላሊት የሚያጥብ» ቅጠል፣ ሁሉም ይቅር። መጠናቸው አይታወቅም፣ ከታክሮሊመስ ጋር ምን እንደሚያደርጉም የለካው የለም። ጠበልን በተመለከተ፣ መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አይጣሉም። የሚያጣላቸው መድኃኒቱን አቁሙ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ስንት ቤት ኩላሊት አስከፍሏል! ሕሙም መድኃኒቱን እንዳይተው የሚመክሩ አባቶች ስላሉ ታካሚው ንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር። የሚጠጣው ውኃ ግን የምንጭም ቢሆን ይፈላ። ቁስሉ እስኪድንና ሰውነት ላይ የተተወ ቱቦ ካለ እስኪወጣ ድረስም ውኃ ውስጥ አይገባም።

ጾምም ይነሣል። ሽሮውና ምስሩ ችግር የለበትም፤ ችግሩ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ነው። አዲስ ኩላሊት በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ሌላ መጠን ካላለ በቀር። የጠዋቱ መድኃኒት በውኃ ሊዋጥ ግድ ነው። ረመዳንም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ባይጾም ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ በሐኪም ምክር ይታያል።

ማድቤት ውስጥ ደንቡ ቀላል ነው፤ ያልበሰለ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት የለም። ቁርጥ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ለብ ለብ ክትፎ ይቀራሉ፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብም ይቀራል። ኮሶ ትል ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ቶክሶፕላዝማና ብሩሴላ የሚባሉ ተዋሲያን፣ የከብት ነቀርሳም በዚያው መንገድ ይመጣሉ። ሰላጣና ቲማቲም በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይላጥ ወይም ይብሰል። ግሬፕፍሩት ጨርሶ አይነካም፤ ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጋል። ተራው ብርቱካን ይበላል፤ ፖታሲየም ከፍ ካለ ግን ብርቱካንና ሙዝ ይቀነሳሉ። ጠያቂ ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ስለሚመጣ ቤቱ የአትክልት ተራ ይመስላል፤ ያንን ለልጆች አከፋፍሉት።

ጠያቂ ማለቴ ካልቀረ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ ሊል የሚመጣውን ሰው መመለስ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መድኃኒቱ ከፍተኛ መጠን ላይ ስለሆነ ታካሚው ለማንኛውም ሳልና ጉንፋን የተጋለጠ ነው። መሳሳም ይቅር፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ይግባ፣ የሚያስል በስልክ ይጠይቅ። ይህን የሚናገረው ታካሚው ወይም ሚስቱ ሳይሆን በቤተሰቡ ውስጥ የሚከበር አንድ ሰው ይሁን፤ ቅያሜው ይቀንሳል። የከሰል ጭስና ዕጣኑም ከታካሚው ክፍል ይራቅ።

ደብተር ያስፈልጋል። በየማለዳው ሽንት ከተሸና በኋላ ቁርስ ሳይበላ ክብደት፣ ከዚያ ሙቀት፣ የደም ግፊት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ በመለኪያ ጆግ የወጣው ሽንትና የገባው ፈሳሽ ይመዝገብ። በአንድ ቀን 1 ኪሎ ወይም በሳምንት 2 ኪሎ መጨመር፣ የእግር እብጠት፣ የሽንት ማነስ፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት፣ ኩላሊቱ የተተከለበት በታችኛው ሆድ በኩል ሕመም፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ይደወላል፤ ቀጠሮ አይጠበቅም። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚያፍን 37.8ም ቢሆን አይናቅ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ደግሞ ሽንት ሲበዛ ነው። ኩላሊቱ ሠራ ብሎ ይደሰታል፤ ውኃ ጥሙና ሽንቱ ግን ከስኳር ሊሆን ይችላል። ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ቀድሞ ስኳር በሌለበት ሰው ላይ ስኳር ያመጣሉ፤ ስለዚህ የደም ስኳርም ይለካ።

ተቅማጥን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ውኃ ከማሳጣቱ በላይ አንጀት ታክሮሊመስን አብዝቶ እንዲመጥ ያደርጋል፤ በሁለቱም በኩል ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ከአንድ ቀን ካለፈ የመድኃኒቱ መጠን ይለካ።

ስለ ክሬቲኒን ቁጥር አንድ ነገር። የእናንተን ሰው መነሻ ቁጥር እወቁ፤ ከላብራቶሪው «ጤናማ» ከሚለው ሰንጠረዥ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። መነሻው 1.0 የነበረ ሰው 1.3 ሲሆን ወረቀቱ ላይ ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ ለኩላሊቱ ግን ምክንያቱ የሚፈለግለት ለውጥ ነው። መለኪያውንም እዩ። አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም፣ ሌላው በማይክሮሞል ይጽፋል፤ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 106 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ላብራቶሪ ቀይረው 106ን ያዩ ሰዎች ኩላሊቱ ሞተ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳሉ። በተቻለ መጠን አንድ ላብራቶሪ ያዙ።

ሲተከል ከኩላሊቱ ወደ ፊኛ በሚወርደው ቦይ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ትቀመጣለች፤ ስቴንት ትባላለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በሽንት ቧንቧ በኩል ትወጣለች። ውጭ አገር ተሠርቶላቸው ከዚያ በፊት ለሚመለሱ ሰዎች ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ ከቆየች ኢንፌክሽንና ጠጠር ታመጣለች። መቼ፣ የት፣ በማን እንደምትወጣ ከአውሮፕላን በፊት በጽሑፍ ያዙ።

ለጋሹስ? ሁሉ ሰው ወደ ታካሚው አልጋ ሲሮጥ ኩላሊቱን የሰጠችው እኅት ማድቤት ገብታ እንግዳ ታስተናግዳለች። ለ6 ሳምንት ያህል ከ5 ኪሎ በላይ አታንሣ፤ ጀሪካንም እንሥራም ማለት ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእሷም አይሰጡ። እንደ ታካሚው ልዩ ምግብ አያስፈልጋትም፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒትም የላትም። የቀረው ኩላሊት ራሱን አጠናክሮ ከሁለቱ ሥራ ሰባ በመቶ ገደማ ይሸከማል። በየዓመቱ ግን ግፊቷ፣ ክሬቲኒኗና የሽንት ፕሮቲኗ ይታይ፤ ይህን የሚያስታውሰው ሰው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ተስማሙና ቀኑን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።