ቦራ ስትከሳ፦ የጊኒ ፒግን ክብደት በመከታተልና በመደገፍ ያገኘሁት ልምድ

ጊኒ ፒግ የተባለው ትንሽ ሣር በል የቤት እንስሳ ሲከሳ በዓይን አይታወቅም። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሰውነቱም አንገትና ወገቡ የማይለይ ድቡልቡል በመሆኑ፣ ባለቤቱ «ከስቷል» ብሎ በሚናገርበት ጊዜ እንስሳው ከክብደቱ ብዙ አጥቷል። በተፈጥሮው በሌሎች አራዊት የሚታደን ፍጡር ስለሆነም ሕመሙን እስከሚያቅተው ድረስ ይደብቃል። በዚህ ምክንያት ጎንደር ውስጥ እነዚህን እንስሳት በቤታችን ለምናሳድግ ሰዎች ከማደሪያው ማስዋቢያ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ዕቃ ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ጽሑፍ የማካፍለውም የጊኒ ፒጌን የቦራን የክብደት መዝገብ መሠረት አድርጌ ነው።

አመዛዘኑ ቀላል ቢሆንም ወጥነት ይፈልጋል። ጥልቀት ያለው የፕላስቲክ ሳህን በሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ንባቡን ወደ ዜሮ ከመለስሁ በኋላ እንስሳዋን ጨርቅ በተነጠፈበት ሳህን ውስጥ አስገባታለሁ፤ ትንሽ ቅጠል ከሰጠኋት ለጥቂት ሰከንድ ትረጋለች። የምመዝነው ሁልጊዜ ጠዋት፣ አትክልት ከመቅረቡ በፊት ነው፤ ምክንያቱም በሆድና በፊኛ ውስጥ ያለው ነገር ብቻውን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ጤነኛ እንስሳ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢመዘን ይበቃል፤ የተጠረጠረ ወይም የታመመ ግን በየዕለቱ መመዘን አለበት። ያደገ ጊኒ ፒግ ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ይመዝናል፤ ነገር ግን ይህ አኃዝ ለአንዲት እንስሳ ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን እሷ ራሷ ጤነኛ በነበረችበት ወቅት የያዘችው ክብደት ነው። ከዚያ ላይ 50 ግራም ያህል ሲጎድል መጠየቅ፣ አንድ አሥረኛው ሲጎድል ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ቦራ ሦስት ዓመት የሆናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ 940 ግራም አካባቢ ከቆየች በኋላ መዝገቡ ላይ 905፣ ከዚያ 880፣ ከዚያም 850 ተጻፈ። በዚያው ወቅት አብራት የምትኖረው ወርቄ ክብደቷ አልተነቃነቀም። ሁለቱን አንድ ላይ መመዘን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቢቀንሱ ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው ድርቆሹን፣ ውኃውን ወይም ተዛማች በሽታን ነበር። አንዷ ብቻ ስትቀንስ ግን ነገሩ ያለው በእሷ አካል ውስጥ፣ አለዚያም በጓደኛዋ ገፊነት ውስጥ ነው። ምግቡን በሁለት ቦታ አቅርቤ ስመለከት ወርቄ እንደማትገፋት ስላረጋገጥሁ ሐሳቤን በቦራ አፍ ላይ አደረግሁ።

አፏን እንድጠረጥር ያደረገኝ የምግብ ፍላጎቷ ሙሉ መሆኑ ነው። ካሮት ሲከተፍ ድምፁን ሰምታ እንደ ቀድሞው ትጮኻለች፤ ስትቀርብም ትነክሳለች፤ ከዚያ ግን ጥቂት አላምጣ ትጥለዋለች። ለስላሳውን የሰላጣ ቅጠል እየመረጠች ድርቆሹን ትተዋለች። አገጯ በለሃጭ ይርሳል። በጠጧም ቀደም ሲል ረዘም ያለና እኩል የነበረው፣ አነስ ያለ፣ የደረቀና አንድ ጫፉ የሾለ ሆነ። «መብላት አልፈለገችም» እና «መብላት አልቻለችም» ወደ ተለያየ መንገድ የሚወስዱ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆድ፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ ሥቃይ ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ወደ ጥርስ ያመለክታል። እንስሳቸው የከሳባቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ ቀድሜ የምጠይቃቸውም ይህንኑ ነው።

የጊኒ ፒግ ጥርሶች፣ የፊቶቹም ሆኑ መንጋጋዎቹ፣ ዕድሜውን ሙሉ ማደጋቸውን አያቆሙም። የሚያሳጥራቸው ሻካራ ሣር ለረጅም ሰዓት እያፈጩ ማላመጥ ነው። ይህ ሲጓደል የታችኞቹ መንጋጋዎች ወደ ምላስ እያዘነበሉ ያድጋሉ፤ ሲብስም ከሁለቱም በኩል ተቀራርበው በምላሱ ላይ ድልድይ ይሠራሉ፤ እንስሳውም ምግቡን ወደ ኋላ ገፍቶ መዋጥ ያቅተዋል። የፊት ጥርሶቹ ጤነኛ መስለው መታየታቸው ስለ መንጋጋዎቹ ምንም አያረጋግጥም፤ አፉ ጠባብ፣ ጉንጩም ወደ ውስጥ የገባ በመሆኑ ያለ መሣሪያ ኋላውን ማየት አይቻልም።

የእንስሳት ሐኪሞቻችን ውሎ በአብዛኛው ከበሬ፣ ከበግ፣ ከዶሮና ከውሻ ጋር ስለሆነ፣ ጊኒ ፒግ ይዞ መቅረብ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ያገኘሁት ሐኪም ግን ነገሩን ወዲያው የተረዳው የጋሪ ፈረሶችን ጥርስ ሲሞርድ የኖረ በመሆኑ ነው። የፈረስም መንጋጋ እየተፈጨ የሚያልቅ፣ የሾለ ጠርዝ አውጥቶ ምላስና ጉንጭ የሚያቆስል ነውና፣ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነበር። በጆሮ መመርመሪያው ብርሃን አይቶ፣ የታችኛው ግራ መንጋጋ ሾሎ ምላሷን እንደሚነካ አሳየኝ። ማደንዘዣ ሰጥቶም አስተካከለላት። ወደዚህ ሕክምና ለምትሄዱ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ጊኒ ፒግ ማስታወክ ስለማይችልና አንጀቱ ባዶ ከሆነ ሥራውን ስለሚያቆም፣ እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ጾሞ ማደር የለበትም። ይህንን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

ጥርስ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። የፊኛ ጠጠር፣ በሴቶች ላይ እንቁላል የሚያመርተው ዕጢ ውኃ መቋጠር፣ የሳንባ ምች፣ ቆዳን የሚያሳክኩ ጥቃቅን ተባዮች፣ በዕድሜ የገፉትም ላይ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ያከሳሉ። እየበላ የሚከሳ እንስሳ ሲገጥማችሁ ይህን የመጨረሻውን አትርሱት።

አሁን ወደ ድጋፉ ልምጣ። ጊኒ ፒግ ለአንድ ቀን ያህል ካልበላ በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይዛባሉ፤ የአንጀቱ እንቅስቃሴም ይቆማል። ስለዚህ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በእጅ መመገብ ሕክምናው ባይሆንም፣ ሕክምናው እስኪደርስ እንስሳዋን የሚያቆያት እሱ ነው። ለታመሙ ሣር በል እንስሳት ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ዱቄት ያለው ሰው እሱን ይጠቀም። እኔ ያዘጋጀሁት ግን ጥሩ ድርቆሽ በቡና መፍጫ አድቅቄ በወንፊት ከነፋሁ በኋላ፣ በለብ ያለ ውኃ ከራሰ የጥንቸል መኖ ጋር በመለወስ ነው። ለጣዕም ጥቂት የተፈጨ ዱባ እጨምርበታለሁ። ዋናው ቁም ነገር የድርቆሹ ቃጫ (ፋይበር) ነው፤ አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ስለሆነ የሕፃናት ገንፎ፣ አጥሚት ወይም ወተት ቦታውን አይተኩም፤ ስታርችና ስኳር የበዛበት ምግብም ጋዝ ይፈጥራል።

መጠኑን በተመለከተ ምንም የማይበላ እንስሳ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ልውስ ያስፈልገዋል፤ ለቦራ ይህ ከ43 እስከ 68 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲሆን፣ ሌሊቱንም ሳይዘለል ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። የተወሰነውን ራሷ ስትበላ እቀንስላታለሁ። በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጀርባዋን ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ በአራት እግሯ እንደቆመች እይዛታለሁ፤ በጀርባ አስተኝቶ መመገብ ምግቡን ወደ ሳንባ ይልከዋልና ፈጽሞ አይደረግም። መርፌው የተነቀለለትን የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ፣ በጎን በኩል አስገብቼ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ሰጥቼ እስክታላምጥና እስክትውጥ እጠብቃለሁ። ትልቁ ሲሪንጅ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ግፊቱን ለመቆጣጠር ስለሚያስቸግር ለጀማሪ አልመክረውም። ልውሱ የሲሪንጁን ጫፍ የሚዘጋ ከሆነ ጫፉን ቆርጦ ጠርዙን በጥፍር መሞረጃ ማለስለስ ይቻላል። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የጠነከረ እንስሳ ግን ሐኪም ሳያያት በግድ መመገብ የለባትም።

ከምግቡ ጋር የማይነጣጠለው ቫይታሚን ሲ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ይህንን ቫይታሚን በአካሉ መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1907 ኖርዌያውያኑ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ ጊኒ ፒጎችን በእህልና በዳቦ ብቻ ሲመግቡ እንስሳቱ የመርከበኞች በሽታ በነበረው በስከርቪ መያዛቸውን አስታውቀው ነበር። በየቤታችንም የተረፈ ዳቦ፣ እንጀራና ስንዴ እየተሰጣቸው የሚኖሩ ጊኒ ፒጎች ስላሉ ይህ ግኝት የሩቅ ታሪክ አይመስለኝም። ጉድለቱ ድድን ያደማል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ጥርስን ያላላል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ጤነኛው በቀን በኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ሲያስፈልገው፣ ለታመመው እስከ 50 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛውን ቫይታሚን ሲ ብቻ የያዘ ክኒን ፈጭቼ ከልውሱ ጋር እሰጣታለሁ። ውኃ መጠጫው ውስጥ መጨመሩን አልደግፍም፤ በብርሃንና በጊዜ ብዛት ኃይሉን ያጣል፤ ጣዕሙን ስለሚለውጥም ውኃ እንዳትጠጣ ያደርጋታል።

ከቅዳሜ ገበያ ከሚገኘው አትክልት የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀዩ በ100 ግራም ከ120 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ይዟል። ዘይቱን ከዚያም ይበልጣል፤ ስኳር ስላለበት ግን በቁራሽ ብቻ ነው የምሰጠው። ጎመን ጥሩ ቢሆንም ካልሲየሙ፣ ቆስጣም ኦክሳሌት የሚባለው ጠጠር የሚያበጅ ንጥረ ነገሩ ብዙ ስለሆነ፣ በተለይ የፊኛ ጠጠር ታሪክ ላለባት እንስሳ በየቀኑ አይሰጡም። በጾም ወቅት ቤቱ በጎመን ሲሞላ ግንዱንና ቅጠሉን ሁሉ ወደ ማደሪያቸው የመጣል ልማድ ስላለ ነው ይህንን ማንሳቴ።

ድርቆሽን በተመለከተ ጎንደር ውስጥ ያለው ችግር ከመታጣቱ ይልቅ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሣሩ አብቦ ዘሩን ሳያረግፍ የታጨደው አረንጓዴነቱንና መዓዛውን ይይዛል፤ ዘግይቶ የታጨደው ግን እንጨትነቱ ይበዛና ምግብነቱ ያንሳል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር መልካሙን መርጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማከማቸት ለዓመቱ ይበጃል። ዝናብ የመታውና የሻገተው ለማንጠፍም አይሆንም፤ ብናኙ ሳንባቸውን ይጎዳል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ምንጣፍ ነው፤ ቢበሉትም አይጎዳቸውም፤ ሆኖም በጭድ ብቻ የሚኖር እንስሳ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። በበዓል ቀን ወለል ላይ ተጎዝጉዞ የተረገጠውን ቄጤማ ግን ለእነሱ ማቅረብ አይገባም።

በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ስለማይጠፋው አሞክሳሲሊን ጥቂት ልበል። የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች፣ አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን ጭምር፣ በአፍ ሲሰጡ የጊኒ ፒግን ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎች ገድለው ጎጂዎቹ እንዲስፋፉ ስለሚያደርጉ እንስሳውን በቀናት ውስጥ ሊገድሉት ይችላሉ። ለውሻና ለሰው ደኅና የሆነ መድኃኒት ሁሉ ለእነሱ ደኅና አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻም ቢሆን በሐኪም መጠን ብቻ ይሰጣል።

ከጥርስ ማስተካከሉ በኋላ የቦራ ክብደት ወዲያው አልጨመረም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝገብ 842፣ 845፣ 843 ይላል። የቆሰለው ምላስ እስኪድን፣ የመንጋጋ ጡንቻዎቿም እስኪጠነክሩ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ መቀነሱ መቆሙን ብቻ እንደ መልካም ውጤት ቆጠርሁት። በዚህ ጊዜ ከክብደቱ ቀድሞ የተለወጠው በጠጧ ነው፤ መጠኑ ተስተካከለ፤ ቁጥሩም በዛ። ከወርቄ አልለየኋትም፤ ጓደኛዋ ስትበላ ማየቷ እሷንም ስለሚያነሳሳት፣ የለየኋት በእጅ በምመግባት ሰዓት ብቻ ነበር። ለስላሳ እርጥብ ሣር በአጭር በአጭሩ እየቆረጥሁ ማቅረቤ ወደ ድርቆሹ የመለሳት ይመስለኛል፤ ካሮቱን ቀጭን ቀጭን አድርጌ መክተፌ ደግሞ ጣዕሙን ሰጣት እንጂ ጥርሷን አልሞረደላትም።

ልውሱን ያቋረጥሁት በአንድ ጊዜ አይደለም። ክብደቷ ሳይወርድ በቆየ ቁጥር አንዱን የመመገቢያ ሰዓት እየተውሁ፣ መጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻም የሌሊቱን አስቀረሁ። አንድ የመመገቢያ ሰዓት ቀርቶ በማግሥቱ ከ15 ግራም በላይ ከወረደች መልሼ እተካው ነበር። አሁን 915 ግራም ላይ ናት። ሐኪሙ አንዴ ያዘነበለ መንጋጋ ተመልሶ ማደጉ የተለመደ መሆኑን ስለነገረኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ እመዝናታለሁ፤ ከ890 በታች ከወረደች ወይም አገጯ እንደገና ከራሰ ሌላ ምልክት ሳልጠብቅ አፏን ለማስመርመር እወስዳታለሁ።