700ዎቹን የት ጣልናቸው?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ከአቦል እስከ በረካ በተቀመጥንበት ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛ መምህር የቴርሞፒሌን ጦርነት አንስተው “300ዎቹ ስፓርታውያን ብቻቸውን ቀርተው አለቁ” ሲሉ፣ “ጋሼ፣ 700ዎቹንስ የት ጣሏቸው?” አልኳቸው። ክርክሩ ባለመቋጨቱ እዚህ ልጽፈው ወደድኩ።

በግሪክ የሚገኘው ቴርሞፒሌ “የፍል ውሃ በሮች” ማለት ሲሆን፣ በሩም እኛ የተራራ መተላለፊያን በር እንደምንለው ዓይነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ወደ ደቡብ ሲዘምት፣ ተራራና ባሕር ግራና ቀኝ የያዙት ይህ መንገድ፣ የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ ከአንድ ጋሪ በላይ የማያሳልፍበት ቦታ ነበረው። በስፓርታው ንጉሥ በሊዮኒዳስ የሚመሩት 7,000 ገደማ ግሪኮች ሁለት ቀን ሙሉ መመከት የቻሉትም በዚያ ጥበት የፋርሶች ብዛት ስላልፈየደና ጦራቸውም ከግሪኮቹ ጦር ያጠረ ስለነበር ነው። በኋላ ግን ኤፊያልቴስ የተባለ የዚያው አካባቢ ሰው ሽልማት ጎምጅቶ (ባንዳ የሌለበት ዘመን የለም) በተራራው ላይ የሚዞረውን መንገድ ለዜርክሲስ ጠቆመ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት መከበባቸው ሲታወቅ አብዛኛው ጦር ተመለሰ። ከስፓርታውያኑ ጋር ከቀሩት መካከል የቴብስ ከተማ ሰዎች በመጨረሻ እጃቸውን ሲሰጡ፣ ከትንሿ ከተማ ከቴስፒያ በዴሞፊሎስ መሪነት የመጡት 700 ሰዎች ግን ሊዮኒዳስን ትተን አንሄድም ብለው በፈቃዳቸው ቀሩ። እኔን የሚያስደንቁኝ እነዚህ ናቸው፤ ስፓርታዊው ከልጅነቱ ጀምሮ ለውጊያ የተቀረጸ ሲሆን፣ እነርሱ ግን የጦርነት ሙያ የሌላቸው፣ በክተት የወጡ ተራ ዜጎች ነበሩ። ጦራቸው ሲሰበር በሰይፍ፣ ከኋላቸው ወዳለችው ጉብታ ካፈገፈጉ በኋላም ሰይፍ የቀረው በሰይፉ፣ ያልቀረው በእጁና በጥርሱ ሲታገል፣ ፋርሶቹ ዙሪያቸውን ከበው በቀስት ጨረሷቸው።

ዜርክሲስ ወደፊት ሲገፋ ቴስፒያን አቃጠላት። በማግስቱ ዓመት ግሪኮች በፕላታያ ለወሳኙ ውጊያ ሲሰለፉ ከዚያች ከተማ የተረፉ 1,800 ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሄሮዶቱስ ከባድ የጦር ትጥቅ እንዳልነበራቸው መዝግቧል። ትጥቁ ከ700ዎቹ ጋር በጉብታዋ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀምጠው “ታዲያ ለምን 1,000 አይባልም?” አሉኝ።