ዴቢያን ላይ እስካሁን የደረስኩበት (ስቴብል ይዞ አዲስ ነገር ማግኘት)

ሰላም ጓዶች፣ ሊኑክስ ትምህርቱ ቀጥሏል፣ ሰሞኑን ዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ አይነት) ውስጥ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚያልፍ ነበር የማየው። "ዴቢያን ያረጀ ነው" የሚባለው ነገር ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላል፣ በ2023 የወጣው ቡክዎርም የሚባለው ቨርዥን ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 6.1 ነው፣ በኦገስት 2025 የወጣው ትሪክሲ ደግሞ 6.12፣ እስከሚቀጥለው ድረስ እዛው ነው።

ግን አሰራሩ ደስ ይላል። አዲስ ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) መጀመሪያ ሲድ (ገና ያልተረጋጋው ክፍል) ውስጥ ይገባል፣ እንደ አጣዳፊነቱ ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል፣ ከባድ ችግር ካልተገኘበት ወደ ቴስቲንግ (መሞከሪያው) ያልፋል፣ በየሁለት አመቱ ገደማ ቴስቲንግ ይቆለፍና ተጣርቶ ስቴብል (የተረጋጋው እትም) ይሆናል። ይሄን ሁሉ የሚሰሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው እኮ፣ የሁሉንም ፓኬጅ አዲስ አዲሱን ሲያሳድዱ መኖር አይችሉም፣ ስለዚህ አንዱን ቨርዥን ይይዙና የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛውን ብቻ እዛው አሮጌው ላይ ይሰፉታል። ቁጥሩ አልተቀየረም ማለት አልተጠገነም ማለት አይደለም፣ የቨርዥን ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዴብ12ዩ ምናምን የምትለዋን እዩዋት።

የኤክስዜድን (ፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ነው) ጉዳይ ሳነብ ነው በደንብ የገባኝ። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ሲድ ላይ እየሰራ በኤስኤስኤች (ከርቀት ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያው) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር የኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ሲድና ቴስቲንግ ጋ ደርሶ ነበር፣ ስቴብል ግን ገና 5.4 ላይ ስለነበር አልነካውም። ሲድ የምትጠቀሙ ሰዎች እናመሰግናለን፣ ለእኛ ነው የምትመቱት 😄

አሁን የኔ አካሄድ መሰረቱ ስቴብል፣ በእጄ የምነካው ብቻ አዲስ። ቡክዎርም ላይ ነኝ፣ ለላፕቶፑ ዋይፋይ ስል ከርነሉን ከባክፖርት (ለስቴብል ተብለው የተዘጋጁ አዳዲስ ቨርዥኖች ማከማቻ) አመጣሁ፣ ሊብሬኦፊስም ከዛው። ባክፖርት ስትጨምሩት ዝም ብሎ ሁሉንም አይቀይርም፣ ፕራዮሪቲው 100 ስለሆነ ለይታችሁ ካልጠየቃችሁት አይመጣም። ከሲድ አንድ ፓኬጅ ልጎትት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጂሊብሲን (አብዛኛው ፕሮግራም የሚደገፍበት መሰረታዊ ላይብረሪ) አስከትሎ ሲመጣ ግማሹ ሲስተም ይከተለዋል፣ እኔ አልመክርም።

ቀጥሎ ወደ ትሪክሲ መሻገር ነው፣ ከዛ በፊት የባክፖርት ከርነል ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር የሞከረ ካለ እስቲ እንዴት እንደሆነለት ይጻፍልኝ።