ሦስተኛው ጆጎሪ፦ የአምስት ወር የሀንቦክ ስፌት ልምዴ

የኮሪያን ባህላዊ ልብስ፣ ሀንቦክን፣ መስፋት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሁለት ጆጎሪ ጨርሻለሁ። ሦስተኛው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጆጎሪ ከላይ የሚለበሰው አጭር ጃኬት ነው። ሴቶች ከቺማ ጋር ይለብሱታል፤ ቺማ ከደረት ጀምሮ የሚወርድ ሰፊ ሽንሽን ቀሚስ ነው።

እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባኝ የብላክፒንክ፣ የኮሪያ የሴቶች የሙዚቃ ቡድን፣ ቪዲዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ሀው ዩ ላይክ ዛት»። ከቡድኑ አባላት አንዷ ጄኒ የለበሰችው ሮዝ ጃኬት ዓይኔን ያዘው። ዲዛይነሯ ዳንሃ ትባላለች። መነሻዋ ዶፖ ነበር፤ በጆሰን (በድሮው የኮሪያ ሥርወ መንግሥት) ዘመን የተማሩ ወንዶች ይለብሱት የነበረ ረዥም ካባ። እሱን አሳጥራ የሴት ጃኬት አደረገችው። ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። «እንዴት ያምራል!» ብዬ ብቻ ነው ያለፍኩት።

የመጀመሪያው ጆጎሪ አልተሳካም። ሸሚዝ መስፋት ስለለመድኩ ብብቱን ጎድጎድ አድርጌ ቆረጥኩት። ሲለበስ ያው ሸሚዝ ሆነ። ጆጎሪ እንደዚያ አይቆረጥም። ትከሻው ላይ ስፌት የለውም፤ ጨርቁ ከፊት ወደ ጀርባ ታጥፎ ያልፋል። እጅጌውም ቀጥ ባለ መስመር ይገጠማል። ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጉት ጠፍጣፋ ነው፤ ቅርጽ የሚይዘው ሰው ሲለብሰው ነው። ጎላ ብሎ የሚታየው ክብ መስመር የእጅጌው ሥር ነው፣ ቤሬ የሚሉት። ከብብት ተነስቶ መሃል ላይ ወደ ታች ደፋ ይልና ወደ አንጓ ሲደርስ ይጠባል። ይህችን መስመር ለማግኘት ብቻ ሁለት ቅዳሜ ወረቀት ላይ ስስል ዋልኩ።

ለሁለተኛው ከመርካቶ ስስ ኦርጋንዛ ገዛሁ። ገበር ስለሌለው ውስጡ ሁሉ ይታያል። ለዚህ ጎፕሶል የሚባል ስፌት አለ። ጠርዙ እየታጠፈ ሦስት ጊዜ ይሰፋል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ ይቀራል። በየእጥፋቱ ካውያ ያስፈልጋል። ካውያውን የዘለልኩበት ቦታ ሁሉ ዛሬም ተሸብሽቦ ይታያል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አንገቱ ነው። ኮሌታው ላይ ዶንግጆንግ የሚባል ጠባብ ነጭ ጨርቅ ይደረባል። ውስጡ ጠንካራ ወረቀት አለው፤ እኔ በሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ በሚገባው ደረቅ ጨርቅ ተካሁት። በእጅ ነው የሚሰፋው፣ ሲቆሽሽም ተፈትቶ ይቀየራል። ጆጎሪው ሲዘጋ የዶንግጆንጉ ሁለት ጫፎች እኩል መግጠም አለባቸው። ትንሽ ከተዛነፈ መላ ልብሱ የተንሻፈፈ ይመስላል።

አንገቱን ከሰፋሁ በኋላ የድሮ ቪዲዮዎቹን እንደገና አየሁ። ብላክፒንክ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው የሙዚቃ ፌስቲቫል በኮቼላ መድረክ ላይ የደረቡትን ካባም ደግሜ ተመለከትኩ። ርዝመቱ ይቀየራል፣ ጨርቁ ይቀየራል፣ ከሥሩ ቁምጣም ይለበሳል። የሚደራረበው አንገት ግን አለ። እኔ እዚህ ላይ ቆርጫለሁ፤ ልብሱን ሀንቦክ የሚያሰኘው አንገቱ ነው። ዘንዶና አበባ የታተመበት ተራ ጃኬት ሀንቦክ ሲባል ስሰማ ቅር ይለኛል።

ማሰሪያው ጎሩም ይባላል። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር ነው። አጭሩን በረዥሙ ላይ አመሳቅላችሁ ከሥር ወደ ላይ ታወጡታላችሁ። ከዚያ ረዥሙን አጥፋችሁ አንድ ጆሮ ትሠሩና አጭሩን ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ታጠብቁታላችሁ። እንደ ጫማ ክር ሁለት ጆሮ የለውም። አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጭራ።

ቀለሙም ይናገራል። በጆሰን ዘመን ወይን ጠጅ ጎሩም ያሰረች ሴት ባሏ በሕይወት አለ ማለት ነው። የእጅጌዋ ጫፍ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ወንድ ልጅ አላት። ይህን ሳነብ ነጠላችን ትዝ አለኝ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ስናይ ምን ደረሰባት ብለን አንጠይቅም፣ ሀዘን ላይ መሆኗን እናውቃለን።

«ዘመናዊው ባህሉን አበላሸው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሴቶች ጆጎሪ በጆሰን መጀመሪያ እስከ ወገብ ይደርስ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እያጠረ ሄዶ ደረትን እንኳ በቅጡ መሸፈን አቃተው። ማንም የውጭ ዲዛይነር አልነካውም፤ የለበሱት ሴቶች ናቸው የቀየሩት። ኮሪያዊቷ ዲዛይነር ሊ ያንግ ሂም እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ ሀንቦክ አቀረበች። በኋላም ጆጎሪውን ትታ ቺማውን ብቻ በባዶ ትከሻ አሳየች። ያ ሥራዋ «የነፋስ ልብስ» ተባለ። ስሙ ልክ ነው። ቺማ ሰፍቶ መስኮት አጠገብ የሰቀለ ሰው ይገባዋል፤ ትንሽ ንፋስ ሲነካው ይሞላና ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ጋት የሚባለውን የድሮ የኮሪያ ወንዶች ባርኔጣ ለመሥራት ግን አልሞክርም። «ኪንግደም» ከተባለው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ወዲህ ብዙ ሰው ወዶታል፤ እኔም ጭምር። ነገር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀርከሃና የፈረስ ጭራ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ልክ የሚማሩት ሙያ ነው።

ሦስተኛው ጆጎሪ ነጭ ነው፤ ጎሩሙ ወይን ጠጅ። እጅጌው አልቋል፣ ቤሬውም በመጨረሻ እንደምፈልገው ወርዷል። ዶንግጆንጉን ትናንት ማታ ለአራተኛ ጊዜ ፈታሁት፤ ግራው ከቀኙ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስመለስ እንደገና እሰፋዋለሁ።